ያልጠየቅሁት ቀን

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የሠራሁበት ክሊኒክ ጠርቶ አዲሱን መሣሪያ አሳየኝ። ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ማይክሮስኮፕ ነው። የወንድ ዘር ጠብታ ሲያስቀምጡለት ራሱ ይቆጥራል፣ የሚሮጠውን ከሚያነክሰው ይለያል፣ ወረቀቱንም ያትማል። እኔ ዓይኔ እስኪቀላ አጎንብሼ እሠራው የነበረውን ሥራ የያዝሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው። ወጣቶቹ እንድደነቅላቸው ከብበውኝ ቆመዋል። እኔ ግን የደነገጥሁት በሌላ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ «ከግንኙነት የተቆጠቡባቸው ቀናት» የሚል ቦታ አለ፤ ማንም ሳይነካው «3» ተጽፎበታል።

«ይህን ማን ጻፈው?» አልሁ።

«ራሱ ነው እትዬ። ካልቀየርነው ሦስት ይላል» አለችኝ አንዷ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ደም ግፊቴ የተነሣ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ። ደም ግፊት አልነበረም። ያችን ሦስት ቁጥር እኔም በገዛ እጄ ጽፌያት አውቃለሁ፤ የአንዲት ሴት ትዳር በዚያች ቁጥር ምክንያት ሊፈርስ ነበር። ይህን የምጽፈው ወጣቶቹ ያንን ቦታ ባዶ እንዲያደርጉት ነው።

በላይነሽ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ነው። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በላብራቶሪ ሙያ ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብሁት ከወረታ ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሥራዬ የወባ ስላይድ ማየት ነበር። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፣ የዝውውር ማመልከቻዬም ሁለት ጊዜ ጠፍቷል፤ እሱን ልተወው። በአራተኛው ዓመት ባሕር ዳር ወዳለ ሆስፒታል ስዛወር «ከጋሽ ውበቱ ጋር ትሠሪያለሽ» ተባልሁ። «እሳቸው ምን ይሠራሉ?» ብዬ ብጠይቅ ጸሐፊዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ጋሽ ውበቱ ልጅ ያጡ ባልና ሚስቶች የሚላኩባት ጠባብ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ካፖርታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። በመጀመሪያው ቀን ጠብታ ስላይድ ላይ አኑረው «እይ» አሉኝ። አየሁና ጮህሁ። ከዚያ በፊት የማውቃት ወባ በቀለም ደርቃ የተቀመጠች ናት፤ ከቦታዋ አትነቃነቅም። እነዚህ ግን ጅራታቸውን እየወዘወዙ ይራወጣሉ። ጋሽ ውበቱ አልሳቁብኝም። «እኔም ጮኼ ነበር» አሉኝ።

ያስተማሩኝ በመጻሕፍት አልነበረም፤ እጃቸውን በማየት ነው። ስላይዱን ከመጠቀማቸው በፊት በመዳፋቸው ያሞቁታል፤ ብርድ ካገኘው ሕያው የሆነው ሁሉ ይፈዛልና። ብልቃጡን ሲቀበሉ ከወንበራቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «የሰው ሕዋስ ሁሉ አርባ ስድስት ክሮሞዞም ይዟል። እነዚህ ግን ሁለት ወር ተኩል ያህል ሲበስሉና ሲከፈሉ ቆይተው ሃያ ሦስት ብቻ ይዘው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ግማሽ ሰው ነው። ሰው በአንድ እጅ ይቀበሉታል?»

«የሴቷስ ጋሼ? የእሷም በሁለት ወር ተኩል ነው የሚበስል?»

«የሴቷማ ገና ሳትወለድ ነው የሚጀመር» አሉ ስላይዱን እየጠረጉ። «አንቺ የሆንሽባት እንቁላል የተጀመረችው እናትሽ በአያትሽ ማኅፀን ሳለች ነው።»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አያቴን አላውቃቸውም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። በሆዳቸው ያለፍሁ መሆኔን ከአንድ ካፖርት ከለበሰ ሰው አፍ መስማት ለሃያ ስድስት ዓመት ሴት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን አጠያየቃቸው ነበር። ናሙና የሚሰጥ ሰው ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሳምንት ያልበለጠ ከግንኙነት መቆጠብ አለበት። ከዚያ ካነሰ ቁጥሩ ይጎድላል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ ያረጁት ተጠራቅመው ሞተው ይወጣሉ። ይህን መጠየቅ ለእኛ ሰው ትልቅ ጭንቅ ነው። ሌሎቹ ባለሙያዎች «ሦስት ቀን ተቆጥበሃል?» ብለው ይገላገላሉ፤ ሰውየውም «አዎ» ብሎ ይገላገላል። ጋሽ ውበቱ ግን ቁጥር አይጠሩም። «መጨረሻ የተገናኛችሁት በማን ዕለት ነበር?» ይላሉ። ሰውየው ጣሪያውን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ «የሚካኤል ማግስት» ይላል። እስላም ከሆነ ከጁምዓ በፊት ይሁን በኋላ ራሱ ይናገራል። ጋሽ ውበቱ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይጽፋሉ። «መልሱን የተሸከመ ጥያቄ አትጠይቂ» ይሉኝ ነበር።

ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ፋሲሎ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሲቀመጡ እኔ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። አለቃዬ የነበሩት ሐኪም እጃቸው የተባረከ፣ አፋቸው ግን ጥድፊያ የበዛበት ሰው ነበሩ፤ ከበሽተኛ ጋር የሚነጋገሩት ሰዓታቸውን እያዩ ነው። እዚያ የሆርሞን መመርመሪያ ማሽን ተረከብሁ። ማሽኑን እንደ በኩር ልጄ ነበር የምንከባከበው።

በዚያ ማሽን መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የአንድ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው። ስሙን ኢብራሂም ልበለው። ክንዱ ብቻ የእኔን ወገብ ያህላል። ካገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የለም፤ ሚስቱን ሦስት ቦታ አስመርምሯታል። ናሙናውን ባየው ባየው አንድም የለበትም። አሽከርክሬ ዝቃጩን አየሁ፤ ባዶ። ደሙን ማሽኑ ላይ ጫንሁት። ከአንጎል ሥር ያለችው እጢ ወደ ዘር ፍሬው የምትልካቸው ሁለቱ ሆርሞኖች የሉም ማለት ይቻላል። የወንድነት ሆርሞኑ ግን ጣሪያ ነክቷል። ማሽኔ የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ለጋሽ ውበቱ ስልክ ደወልሁ።

«ጡንቻ አለው?» አሉኝ።

«ኧረ በሬ ነው ጋሼ!»

«ምን እንደሚወጋ ጠይቂው።»

ልጁ ጂም ውስጥ «ቫይታሚን ነው» እያሉ ለወራት ሲወጉት ኖረዋል። ቫይታሚን አልነበረም፤ ራሱ የወንድነት ሆርሞኑ ነው። ያ ሆርሞን ከውጭ ሲጎርፍ እጢዋ «በቂ አለ» ብላ ዝም ትላለች፤ ትእዛዝ ያጣው የዘር ፍሬ ሥራ ያቆማል። ወንድ ለመምሰል የተወጋው መርፌ አባትነቱን ዘጋበት። እናቱ ይህን ስትሰማ «ምራቴን በከንቱ!» ብላ ጉንጯን ነጨች። መርፌውን አቆመ፤ ዓመት ሊሞላው ሲል ተመልሶ ሲመጣ ስላይዱ ላይ ሲራወጡ አየሁ። ሴት ልጅ ወለደ። ክሊኒኩ ሁሉ «በላይነሽ ናት ያገኘችው» አለኝ። የጋሽ ውበቱን ስም አልጠራሁም። ከዚያም በኋላ እሳቸውን መጠየቅ ተውሁ።

የሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ በዋለ በማክሰኞው ቄስ ሞላልኝና ባለቤታቸው የሻረግ ከደቅ ደሴት በጀልባ መጡ። ከተጋቡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቄሱ አርባ ያልሞላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እሷ በቀያይ ዓይኖቿ ሁሉን የምትመለከት፣ ጠይም፣ ቀጭን ሴት። ችግራቸውን ሐኪሙ ቀድመው ነግረውኛል። የቄሱ እናት «መካን አገባህ» እያሉ የቤቱን ሰላም ነስተዋቸዋል። ቄስ ደግሞ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ አገባለሁ ቢል ክህነቱ ይቀራል። ዘር በእጅ ማፍሰስ ኃጢአት ስለሆነ የነፍስ አባታቸው የፈቀዱት ከሚስታቸው ጋር ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከክሊኒኩ ጎን ፔንሲዮን ተከራዩ። ናሙናው እንዳይበርደው የሻረግ ብልቃጡን ጡቷ ሥር አቅፋ፣ ነጠላዋን ደርባበት፣ እየሮጠች አመጣችው።

ቄሱም ተከትለዋት ገቡ፤ መስቀላቸውን ተሳልሜ ተቀመጥሁ። ቅጹ ከፊቴ ነው። «በማን ዕለት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ምላሴ ላይ መጣ። ያሳለመኝን እጅ እያየሁ እንዲህ ያለ ነገር ልጠይቅ? ፊቴ ጋለ። ዓይኔን ቅጹ ላይ ተክዬ «አባቴ፣ ሦስት ቀን ተጠብቀዋል አይደል?» አልሁ።

«ተጠብቄአለሁ» አሉ።

ውሸት አልነበረም። «3» ብዬ ጻፍሁ።

ማይክሮስኮፑን ሳይ ደነገጥሁ። ቁጥራቸው የትየለሌ ነው፤ የሚነቃነቅ ግን የለም። ስላይዱን አሞቅሁት፤ የለም። ቀለም ጨመርሁበት። ሕያው ሕዋስ ቀለሙን አያስገባም፤ የሞተ ቀይ ይሆናል። ሁሉም ቀይ ሆነ። ጋሽ ውበቱ ቢሆኑ «ከሳምንታት በኋላ ሳይደገም ወረቀት አይወጣም» ይሉ ነበር። ጀልባው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፣ ሐኪሙ በር ላይ ቆመው «ምን ሆነ?» ይላሉ፣ እኔም የኢብራሂምን ጉዳይ ያገኘሁ ባለሙያ ነኝ። «ሕያው የለም» ብዬ ጻፍሁ።

ሐኪሙ በአምስት ደቂቃ ነገሯቸው። ቄሱ ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። አላለቀሱም።

«እንግዲህ እሷ ነጻ ናት ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእሷ ነው የተማረሩት። ይህን ለእናቴ አነብላቸዋለሁ፤ ለሰውም አነባለሁ። ማኅተሙ ይታይ እንደሁ እስቲ አጥብቀሽ አድርጊበት።»

ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታሁት። እንዲህ ያለ ባል አለ ብዬ ተገርሜ ለባለቤቴ አወራሁለት።

ከሐምሌ ሥላሴ በኋላ አንዲት ሴት ብቻዋን መጣች። መጀመሪያ አላወቅኋትም፤ ከስታለች። የሽንት ምርመራ ጠየቀችኝ። መመርመሪያው ላይ ሁለት መስመር ወጣ፤ አርግዛለች። «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ ቀና ስል ዓይኖቿን አወቅኋቸው። የሻረግ ናት። የቄስ ሞላልኝ ሚስት።

የተሰማኝን ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ። ያሰብሁት «ከማን ነው?» ብዬ ነው። አፌ ባይናገርም ፊቴ ተናግሯል፤ አየችው።

ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ማኅተሙ ከነድርቡ ይታያል። «እትዬ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ይውሰዱልኝ። አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። ፍልሰታ ሳይገባ ሽማግሌ ሊቀመጥብኝ ነው። ወንድ አላውቅም፤ ከእሳቸው በቀር አላውቅም። ብምል ብገዘት ማን ያምነኛል? ወረቀቱ ሞቷል ይላል፤ ሆዴ አልሞተም ይላል። እኔ መሐል ላይ ምን ልሁን?»

ወረቀቱን ተቀብዬ ቆምሁ። ቆዪ ብያት፣ ነጭ ካፖርቴን ሳላወልቅ ባጃጅ ይዤ ፋሲሎ፣ ጋሽ ውበቱ ቤት ሄድሁ።

በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሦስት ቀን ይላል። ማን አለሽ?»

«ጠየቅኋቸው፤ ተጠብቄአለሁ አሉ።»

«ምን ብለሽ ጠየቅሽ?»

ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የመጡት መቼ ነው?»

«የፋሲካ ማክሰኞ።»

በጣታቸው አንጓ ወደ ኋላ ቆጠሩ። ከዚያ ቀስ ብለው «በላይነሽ፣ ሁዳዴን ጾመሻል?» አሉኝ።

«ምን ነካዎት ጋሼ? መች ቀርቶብኝ ያውቃል!»

«ባለቤትሽስ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። የበረንዳውን ብረት ያዝሁ። ከቅበላ እስከ ፋሲካ ሃምሳ አምስት ቀን። እኔ ራሴ ከባለቤቴ አልጋ ለይቼ የምጾመውን ጾም፣ ካፖርት ስለብስ ረሳሁት! እኝህ ሰው ደግሞ ቄስ ናቸው። ሰሞነ ሕማማቱን ቆመው፣ ትንሣኤውን ቀድሰው፣ በሦስተኛው ቀን ነው ወደ እኔ የመጡት። ያን ሁሉ ጊዜ ተጠራቅሞ ያረጀውን አየሁና ሰውየውን ሙት አልኋቸው።

«የሰነበተ ነው ያየሽው» አሉ ጋሽ ውበቱ። «ጎተራ ሳይራገፍ ከርሞ የታችኛውን እፍኝ ዘግነሽ አገሩ እህል የለውም ብለሻል።» ከዚያ ተነሡ። «ጀልባው ስንት ሰዓት ነው?»

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ተሳፈርን። የሻረግ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሐኪሙ ስልክ ላይ «ክሊኒኩን ልታዋርጂ ነው?» ብለውኝ ነበር፤ ዘጋሁባቸው።

ሽማግሌዎቹ በቄሱ እናት ቤት ተቀምጠዋል፤ ሦስት ናቸው፤ የነፍስ አባትየውም አሉ። ቄስ ሞላልኝ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። በሩ አጠገብ የየሻረግ ጓዝ ታስሮ ተቀምጧል። እናትየው ናቸው ያሰሩት። እሷ ጓዟን አይታ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርሁ። «ወረቀቱ ስሕተት ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ «ማኅተም ያለበትን በአፍሽ ልታፈርሺው ነው? ማን ለምኖሽ ነው የመጣሽ?» አሉኝ።

ወደ ቄሱ ዞርሁ። «አባቴ፣ በሚያዝያ መጠየቅ የነበረብኝን አሁን እጠይቅዎታለሁ። ክሊኒክ ከመጡባት ማክሰኞ በፊት መጨረሻ የተገናኛችሁት በማን ዕለት ነበር?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ቄሱ ወደ ነፍስ አባታቸው አዩ፤ እሳቸውም ተናገር በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከቅበላ በፊት በዋለው ሐሙስ» አሉ ቄሱ።

ጋሽ ውበቱ የጎተራውን ነገር ለሽማግሌዎቹ አስረዱ። አራሾች ናቸው፤ ወዲያው ገባቸው። የተቆጡኝ ሽማግሌ «አይ አንቺ!» ብለው እጃቸውን በእጃቸው መቱ።

ቄሱ ግን ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም። «እንግዲያው ልጁ የእኔ ነው ማለት ነው?»

አዎ ማለት ይቻለኝ ነበር። የሻረግ ከመሬት ቀና ብላ አፌን ታያለች። ዳግመኛ የማላውቀውን ማረጋገጥ ግን አልቻልሁም። «እሱን በዓይኔ አላየሁም አባቴ። እኔ የማውቀው ወረቀቴ ሐሰት መሆኑን ነው። ሙት አይደሉም።»

ቄሱ ሚስታቸውን አዩ።

«ከዚያ ወረቀት በኋላ» አሉ ቄሱ፣ «ሐዘን ቢገባኝ ቅዳሴውን ለጓደኛዬ ለቅቄ በዓለ ሃምሳውን ሁሉ ቤቴ ዋልሁ፣ ቤቴ አደርሁ። ከተጋባን እንደዚያ አብረን ኖረን አናውቅም። እኔም ቤቴ ነበርሁ፤ እሷም ቤቷ ነበረች። ይህን እያወቅሁ ነው ወረቀት ያመንሁት።» ተነሥተው ሚስታቸው ፊት በግንባራቸው ተደፉ። «የሻረግ፣ ይቅር በይኝ። ልጄ ነው።»

እናትየው ምንም ሳይሉ ወደ በሩ ሄዱና የታሰረውን ጓዝ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው።

የሻረግ ባሏን በእጇ ይዛ አነሣቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

«እትዬ፣ እሳቸውን ለመጠየቅ አፈሩ እንበል። ብልቃጡን በእጅዎ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ እኮ። አጠገባቸው ነበርሁ። እኔም ቀኑን አውቀው ነበር። እኔን ለምን አልጠየቁኝም?»

ወደ ጋሽ ውበቱ አየሁ። እሳቸውም በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ሚስት ጠይቀው አያውቁም ነበር።